በድርጅት የበዓል ድግስ ላይ ቤዝ መጫወት፦ ከስልክ ጥሪው እስከ መጨረሻው ዘፈን

ኮንሰርት ላይ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚመጣው ሙዚቃ ሊሰማ ነው። የድርጅት የበዓል ድግስ ላይ ግን ሰው የሚመጣው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሊጨዋወት፣ እራቱን ሊበላ፣ አለቃው ሲናገር ሊያጨበጭብ ነው። አንዳንዱ ቢቀር ቅር እንዳይሰኙበት ብሎ ነው የመጣው። ባንዱን ብሎ የመጣ የለም። እነዚህን ሰዎች ከወንበራቸው የምታስነሱት አንተ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) የምትጫወተውና ድራመሩ ናችሁ። ድምፃዊው ጎበዝ ከሆነ ዞር ብለው ያዩታል። እግራቸውን የሚያንቀሳቅሰው ግን ከታች የሚመጣው ድምፅ ነው።

ለዚህ ሥራ ፈጣን ጣት አያስፈልግህም። ኖታ የት እንደሚጀመር ሁሉም ቤዚስት ያጠናል። የት እንደሚያልቅ የሚያጠናው ጥቂቱ ነው፣ ዳንሱ ያለው ግን እዚያ ነው። ወደዚያ እንደርሳለን። ከስልኩ እንጀምር።

1. ሥራውን ስትቀበል

ከአዘጋጆቹ ጋር የሚነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ የባንዱ መሪ ነው። አንተም ግን ጠይቀህ የምትይዘው ነገር አለ። ዕቃ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው? ሳውንድ ቼክስ (ከድግሱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ)? ስንት ዙር ነው የምንጫወተው? የተለመደው 45 ደቂቃ አካባቢ የሚሆን ሁለት ወይም ሦስት ዙር ነው። ቤዝ አምፕ (የቤዝ ድምፅ ማጉያ) አለ ወይስ በዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር በሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ነው የምገባው? መድረኩ ምን ያህል ይሰፋል? አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። 25 ኪሎ የሚመዝን አምፕ ተሸክመህ አራት ፎቅ ከወጣህ በኋላ ግን የመጀመሪያው ዙር ላይ እጅህ ይንቀጠቀጣል።

ክፍያው፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ገንዘብና የተጨማሪ ሰዓት ሂሳብ በጽሑፍ ይሁን። የድርጅት ድግስ ፕሮግራሙን አይጠብቅም። ንግግር ይረዝማል፣ ሽልማት ይረዝማል፣ እናንተ አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ትጀምራላችሁ። ያ ሰዓት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ የሚከራከራችሁ ሰው ደክሞታል፣ እናንተም ደክሟችኋል።

2. ዘፈኖቹን ማጥናት

በሁለት ሳምንት ውስጥ 35 ወይም 40 ዘፈን ያዝ መባል በዚህ ሥራ ያለ ነው። ሁሉንም ኖታ በኖታ ለማጥናት ብትነሳ አሥረኛው ላይ ትቀራለህ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈለው።

አንደኛው ክፍል ቤዙ ራሱ ዜማ የሆነባቸው ዘፈኖች ናቸው። ሰው ከዘፋኙ በፊት በቤዙ ነው የሚያውቃቸው። እነዚህን ልክ እንደ ሪከርዱ አድርገህ ያዛቸው፣ ምንም አትጨምር። ሁለተኛው ክፍል ቀሪው ሁሉ ነው። ለእነሱ ኮርዶቹን፣ የኪኩን (ድራመሩ በእግሩ የሚመታውን ትልቅ ከበሮ) ምትና የዘፈኑን ቅርፅ ማወቅ ይበቃል። ቅርፅ ስል መግቢያው ስንት ባር (አንዱ ባር አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት ነው) ነው፣ አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመጣል፣ መሀል ላይ ሁሉም የሚያቆምበት ቦታ የት ነው ማለቴ ነው። ኖታ ብትስት አብዛኛው ሰው አይሰማህም። ሁሉም ባቆመበት አንተ ብቻህን ከቀጠልክ ግን አዳራሹ በሙሉ ያይሃል።

ኮርዶቹን በስማቸው አትጻፍ፣ በቁጥር ጻፋቸው፤ ቁጥሩ ኮርዱ ከዘፈኑ መነሻ ኖታ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ ብለህ የምትጽፈውን 1፣ 6፣ 4፣ 5 በለው። ምክንያቱም ድምፃዊቷ የበዓሉ ዕለት ጉንፋን ይዟት «ሁለት ሴሚቶን ዝቅ አድርጉልኝ» ትላለች። በቁጥር የያዝከው ከሆነ ኤፍ፣ ዲ ማይነር፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ብለህ ትቀጥላለህ። በስም የሸመደድከው ከሆነ ስትደናገር ታመሻለህ።

እዚህ ላይ ቤዚስትን ብቻ የሚመለከት ወጥመድ አለ። በኢ የሚጫወት ዘፈን ግማሽ ቶን (አንድ ሴሚቶን) ሲወርድ ኢ ፍላት ይሆናል። ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ከኢ በታች ኖታ የለም። ያንን ከባድ ባዶ ክር (በግራ እጅ ሳይጫኑት የሚመታውን) ይዘህ የለመድከው ዘፈን አንድ ኦክታቭ ከፍ ይልና ቀሎ ይሰማል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ካለህ ችግሩ የለም። ከሌለህ ዝቅ የሚሉትን ዘፈኖች አንድ ዙር ውስጥ አሰባስባችሁ ያን ዙር ሁላችሁም በግማሽ ቶን ዝቅ ባለ ቅኝት ተጫወቱት። በየዘፈኑ መሀል ክር ማጠባበቅና ማላላት የዳንሱን ሙቀት ይገድለዋል።

የበዓል መዝሙሮችና ዘፈኖች ካሉ ለእነሱ ተጨማሪ ጊዜ ስጥ። ቀላል ይመስላሉ፣ ግን ብዙዎቹ ኮርዳቸው በየምቱ ወይም በየሁለት ምቱ ይቀያየራል። አድማጩ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። እዚህ የሳትከውን ኖታ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

የሁሉንም ዘፈን አጨራረስ ደግሞ ለብቻ ተለማመዱ። ሪከርድ ላይ ብዙ ዘፈን ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የሚጠፋው። መድረክ ላይ አንድ ቦታ መቆም አለበት። «አዝማቹ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ኮርድ 1 ላይ ቁም» ዓይነት ስምምነት ለእያንዳንዱ ይኑራችሁ። እኔ ቤት ስለማመድ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደኋላ ነው የምሄደው፤ መሀሉ መድረክ ላይ ራሱን ይዞ ይሄዳል።

3. ከድራመሩ ጋር ለብቻ

ከባንዱ ልምምድ ውጭ ከድራመሩ ጋር አንድ ሰዓት ለብቻችሁ ተቀመጡ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስድ ከሆነ ይህን ውሰድ።

ሜትሮኖሙን በደቂቃ 120 ላይ አድርጉት። በዚህ ፍጥነት አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ድራመሩ ምት 1 እና 3 ላይ በእግሩ ኪክ፣ ምት 2 እና 4 ላይ ስኔር (ፊቱ ያለውን ድምፁ ስል የሆነ ከበሮ) ይምታ። አንተ 1 ላይ አንድ ኖታ ብቻ ምታና ባሩ እስኪያልቅ ይጩህ፣ አትንካው። ስምንት ባር እንዲህ ሂዱ። ቀጥሎ ያንኑ ኖታ 1 ላይ ምታና ስኔሩ 2 ላይ ሲመታ በዚያችው ቅፅበት ዝጋው። ሌላ ምንም አልቀየርክም። ኖታው ያው፣ ፍጥነቱ ያው፣ ድራሙም ያው ነው። ስኔሩ ግን ድንገት ጎልቶ ይወጣል። አንገትህ ሳታስበው መወዛወዝ ይጀምራል። ዳንስ ማለት ይህ ክፍት ቦታ ነው። ቤዝህ ሁሉን ቦታ ከሞላው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አያገኝም።

አዘጋጉም ልምምድ ይፈልጋል። ግራ እጅህን ከክሩ ላይ አታንሳ። ጣትህ እንደነካው ሆኖ ጫናውን ብቻ ልቀቅ። ክሩ ከፍሬቱ (የቤዙ አንገት ላይ ካለው የብረት መስመር) ይላቀቅና ድምፁ ይሞታል። ባዶ ክር ሲሆን ግን የምትለቀው ነገር የለም። ያኔ በቀኝ እጅህ ጣት ንካው ወይም የግራ ጣቶችህን ዘርጋ አድርገህ አሳርፍበት። የማትጫወትባቸው ክሮችም ዝም ብለው አይቀመጡም። መድረክ ላይ ከአምፑ በሚመጣው ድምፅ ራሳቸው ይርገበገባሉ። ቀጫጭኖቹን ክሮች ስትጫወት ቀኝ አውራ ጣትህን ወፍራሙ ክር ላይ አሳርፈው።

በ1960ዎቹ የሞታውንን (የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ) ሪከርዶች የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ቀኝ እጁን የሚጠቀመው በአንድ ጣት፣ በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር። በዚያ አንድ ጣት ስንት አዳራሽ እንዳስጨፈረ አስብ። የጣት ብዛት አያስጨንቅህ።

ሌላው የምትስማሙበት የዓይን ምልክት ነው። ዘፈኑ እንዲረዝም፣ እንዲያልቅ፣ ወደ አዝማቹ እንዲመለስ የሚያደርግ አንድ አንድ ምልክት ይኑራችሁ። የዳንስ ሜዳው ሲሞቅ የተጻፈው ቅርፅ ይቀራል፣ በዓይን ነው የምትጫወቱት።

4. ቦርሳው ውስጥ

ቤዝ፣ ማንገቻ፣ መቃኛ፣ ሁለት ኬብል፣ ትርፍ ክር፣ ትንሽ ባትሪ፣ ዲአይ ቦክስ፣ ረዘም ያለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ ወለል ላይ ኬብል የምትለጥፍበት ሰፊ የጨርቅ ፕላስተር፣ የጆሮ መከላከያ። ትንሽ ባትሪ የምለው ዘጠኝ ቮልቱን ነው እንጂ የእጅ ባትሪ አይደለም። ስለ እሱ ልንገርህ።

አንድ የዓመት መዝጊያ ድግስ ላይ ሳውንድ ቼክ ጨርሰን ዕቃችንን መድረክ ላይ ትተን ወጣን። ቤዜ አክቲቭ ነው፣ ማለትም ውስጡ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ አለው። እንዲህ ዓይነት ቤዝ ላይ ባትሪው የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው። ባትጫወትም ጃኩ እስካለ ድረስ ይበላል። ባትሪው መቼ እንደገባ አላስታውስም ነበር፣ ጃኩንም ሳልነቅል ነው የሄድኩት። እራቱ አለፈ፣ ንግግሩ አለፈ። የዳንሱ ዙር ሦስተኛ ዘፈን ላይ ድምፄ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ስፒከሩ የተቀደደ መሰለኝ። ሁለት መስመር ሳይሞላ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሜዳው ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። ኪኩ እየመታ ነው፣ ጊታሩም አለ፣ ዘፋኙም አለ። ሰዎቹ ግን ቀስ ቀስ እያሉ ቆሙ፣ አንዳንዱ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ወደ መድረኩ ያይ ነበር። ቤዝ ምን እንደሚሠራ ከዚያች ደቂቃ በላይ ያስተማረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ በየሥራው ዋዜማ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ትርፉንም እይዛለሁ፣ መጫወት ባቆምኩ ቁጥር ጃኩን እነቅላለሁ።

ልብስ ጥቁር ይሁን፣ ጫማው ለአምስት ሰዓት መቆሚያ የሚሆን።

5. አዳራሽ መድረስና ሳውንድ ቼክ

ከሳውንድ ቼክ በፊት አንድ ሰዓት ቀድመህ ድረስ። ቦታህን ከድራመሩ ሃይ ሃት (በእግር ከሚከፈቱና ከሚዘጉ ሁለት ሲምባሎች፣ ማለትም የብረት ሳህኖች) ጎን ያዝ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። መድረኩ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ስድስት ሜትር ርቀህ ከቆምክ ኪኩን የምትሰማው ወደ 18 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። በጆሮህ ተከትለኸው አንተም ትዘገያለህ። ቅርብ ስትሆን እግሩንም ታያለህ።

አምፑ እምምም የሚል ድምፅ ካወጣ ዲአይ ቦክሱ ላይ መሬቱን የሚያላቅቅ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ እሱን ሞክር። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን የመሬት መስመር ግን በምንም ምክንያት አትቁረጥ። ያ መስመር ነፍስህን የሚጠብቅ ነው፣ የብረት ክር ይዘህ ማይክ አጠገብ ነው የምትቆመው።

አሁን ወደ ድምፁ። የቤዝ ወፍራሙ ባዶ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚያ ድምፅ አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ እየመታ ሲመለስ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ ይጠፋል። ጥግ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ይበዛል። አንተ መድረክ ላይ የምትሰማው አዳራሹ ከሚሰማው ጋር አንድ አይደለም ማለት ነው። ኬብልህ ከደረሰ እየተጫወትክ ውረድ። ካልደረሰ ጊታሪስቱ ቤዝህን ይያዝልህና አንተ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ ሄደህ ስማ።

ኖታው ተለይቶ ካልተሰማና ጉምጉም ብቻ ከሆነ ታችኛውን አትጨምር። ከ200 እስከ 250 ኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) አካባቢ ትንሽ ቀንስ፣ ከ700 እስከ 1000 ባለው መሀል ትንሽ ጨምር። ብቻህን ስትጫወት ይህ ድምፅ ደረቅ ይሆንብሃል። ከባንዱ ጋር ሲሆን ግን ኖታህ ይሰማል። ባዶ አዳራሽ ሰው ሲሞላ ደግሞ ይለወጣል። የሰው አካልና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣሉ፣ ወፍራሙን ብዙም አይነኩትም። ስለዚህ በባዶው አዳራሽ ልክ የመሰለህ ቤዝ ማታ ይበዛል። ትንሽ አሳንሰህ ተወው።

ኬብሉን ወለሉ ላይ ለጥፍ። ማንገቻህ ውስጥ አሳልፈህ ሰካው። ሰው ቢረግጠው ጃኩ አይነቀልም።

6. የእራቱ ዙር

ይህ ዙር ብዙ ቤዚስት የሚሰለችበት ነው። እኔ እወደዋለሁ። ሰው እያወራ ሙዚቃው ከሥር ሲሄድ አዳራሹ ይሞቃል። መለኪያው ቀላል ነው። ቅርብ ያለውን ጠረጴዛ እይ። ሁለት ሰዎች ለማውራት ወደ ጆሮ እየተጠጋጉ ከሆነ ጮኻችኋል።

ቮልዩም ስትቀንስ ከአምፑ ብቻ አትቀንስ፣ እጅህንም አለስልስ። በአውራ ጣትህ ሥጋ ምታ፣ የመዳፍህን ጎን ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ላይ አሳርፍ። ኖታው አጭርና ክብ ይሆናል። ኖታ አሳንስ። በባር ሁለት ኖታ ለብዙ ዘፈን ይበቃል። ለዳንሱ ዙር ያስቀመጣችሁትን ዘፈን እዚህ አትንኩ።

7. ንግግርና ሽልማት

ንግግር ሲጀመር አምፕህን ዝም አሰኘው፣ መቃኛህ ላይ ድምፅ መቁረጫ ካለ እሱን ርገጥ። ክርህን እየነካካህ አትቁም። መድረኩ ላይ ከሆናችሁ ፊታችሁ ወደሚናገረው ሰው ይሁን፣ ስልክ አይወጣ።

ተሸላሚ ሲጠራ አጭር ሙዚቃ ይጠይቋችኋል። ሳይጠይቋችሁ ተዘጋጁበት። አንድ ኪይ (የዘፈን መነሻ ኖታና ቅኝት)፣ አራት ባር፣ ግልፅ አጨራረስ። ሰውየው ከኋላ ጠረጴዛ ተነስቶ መድረክ እስኪደርስ አራት ባር አይበቃም፣ እየደጋገማችሁ እጅ ሲጨባበጡ ዝጉት። ለአንተ ጥቂት ሰከንድ ናት። ለተሸላሚው ግን የዓመቱ ልፋት የታየበት ሰዓት ነው፣ በሙሉ ልብህ ተጫወትለት።

8. ሜዳው

የመጀመሪያው የዳንስ ዘፈን ላይ ብዙ ባንድ ይሳሳታል። ምርጡን ዘፈን መጀመሪያ ያወጣሉ፣ ማንም ሳይነሳ ያልቃል። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀው፣ መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ በደቂቃ 105 ወይም 110 ምት አካባቢ የሆነ ዘፈን ይሁን። ሰው ከወንበር ተነስቶ እስኪደርስ ጊዜ ያገኛል። ሁለት ሦስት ሰው ሲነሳ ዘፈኑን አትጨርሱት። አዝማቹን አርዝሙት። ከዚያ ሳታቆሙ ወደሚቀጥለው ግቡ። ማገናኛው አንተና ድራመሩ ናችሁ፤ ሌላው ሲያቆም ሁለታችሁ ቀጥሉ፣ ድራመሩ ፍጥነቱን ይያዝ፣ አንተ አዲሱን ኪይ ያዝ። በሁለት ዘፈን መሀል የአሥር ሰከንድ ዝምታ ካለ ሰው መቀመጫውን ያስታውሳል።

ፍጥነት አትጨምሩ። ሰው ሲጨፍር ደስታው መድረክ ላይ ይወጣና እጅ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ሲያመልጥ መጀመሪያ የሚያውቀው የጨፋሪው እግር ነው። ስሜቱ እየወሰደህ እንደሆነ ከተሰማህ ኖታ ቀንስና ስኔሩን ስማ።

እግር ተመልከት። ፊት ያታልላል፣ ሰው ለባልደረባው ብሎ ይስቃል። እግር አያስመስልም። ጠረጴዛ ሥር የሚመታ እግር ካየህ ያ ሰው የሚቀጥለው ዘፈን ላይ ይነሳል። ያንን ግሩቭ (የምት አካሄድ) አትቀይርበት።

አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ መጥቶ ልዝፈን ይላል። ፍቀዱለት፣ የሥራ ጓደኞቹ ከባንዱ ይልቅ እሱን ነው የሚያስታውሱት። ኪዩን አይነግርህም፣ ስለማያውቀው። ሁለት መስመር ያለ ሙዚቃ ይዝፈንልህና ቀስ ብለህ 1ን (የዘፈኑን መነሻ ኖታ) ፈልግለት። ኮርድ ከዘለለ አብረኸው ዝለል። ያኔ ባንዱ በሙሉ ዘፋኙን ትቶ አንተን ነው የሚከተለው።

ያልተለማመዳችሁትን ዘፈን የሚጠይቅ ደግሞ ይኖራል። አብዛኞቻችሁ ካወቃችሁት ሞክሩት፣ ካላወቃችሁት በትህትና እንደማትችሉት ንገሩት። በግማሽ የተጫወቱት ዘፈን ሜዳውን ባዶ ያደርጋል።

ጆሮህን ጠብቅ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ማለት ነው። ከሲምባል አጠገብ የቆመ ቤዚስት ይህን በአንድ ዙር ያልፈዋል።

9. ስትጨርሱ

ጥሩ አጨራረስ የሚባለው ሜዳው ገና ሙሉ እያለ የሚቆም ነው። የመጨረሻውን ዘፈን የመጨረሻ ኖታ ረዘም አድርጋችሁ ያዙ፣ ድራመሩ ሲምባሉን ሲይዘው አብረኸው ዝጋ። አዘጋጁን ፈልገህ አመስግን። የሳውንዱን ባለሙያ ደግሞ በስሙ ጠርተህ አመስግን፣ ማንም አያስታውሰውም።

ኬብልህን ከወለሉ ስታነሳ ፕላስተሩን ንቀልለት። አምፑን ከማጥፋትህ በፊት ቮልዩሙን ዜሮ አድርግ። ቤዙን ከመክተትህ በፊት ጃኩን ንቀል።